ወንድሜ ያልኩት ሰው

በእኛ ቸርች ወንድም ለመባል ምንም አያስፈልግም። ሰውየው ገና መኪናውን ፓርክ ሲያደርግ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው አስተናጋጅ «ወንድሜ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ይለዋል። በር ላይ «ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ነው፤ ምሳ ላይ «ወንድሜ፣ የሰልፉ መጨረሻ ከወዲያ ነው» ነው። ሴቶቹም ሁላችን እህት ነን። ባሎች እንኳ ማይክ ሲይዙ የገዛ ሚስታቸውን «እህት እከሊት» ብለው ይጠራሉ፤ ቤት ሲገቡ የሚሏትን እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ። እኔ ባል ስለሌለኝ ቸርችም እህት ነኝ፣ ቤትም እህት ነኝ። አርባን ካለፍኩ ወዲህማ «እህታችን» ሆኛለሁ፤ እሱ ደግሞ የባሰ ነው። ሰው «እህታችን» የሚባለው የጸሎት ርእስ ሲሆን ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ወንድሜ ሳልለው ስለቆየሁት አንድ ሰው ልናገር ብዬ ነው። ሌሎቹ ሴቶች «ወንድም እከሌ» ሲሉት እኔ በስሙ ብቻ ነበር የምጠራው። ሆን ብዬ ነው። ወንድሜ ካልኩት አለቀ፣ ሌላ ምንም ሊሆነኝ አይችልም ብዬ ፈርቼ ነበር። ወንድም እንደሆነ በየወንበሩ ሞልቷል።

የተዋወቅነው በኤሲ ነው። ሳቁ፣ እኔም ስቄበታለሁ። ዲኬተር ያለችኝ ትንሽ ቤት ውስጥ በጁላይ ሙቀት ኤሲው ቀጥ አለ። በአትላንታ ጁላይ ኤሲ የሌለው ቤት ውስጥ መቀመጥ ክዳኑ የተከደነ ድስት ውስጥ መቀመጥ ነው። ሰው ሳጠያይቅ «ከኋላ ሳውንድ ላይ የሚቀመጠው ወንድም ኤሲ ይሠራል» አሉኝ። በየእሁዱ ከኋላ ሄድፎን አድርጎ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ ፊቱን በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር። ከማሪዬታ ያንን ሁሉ ትራፊክ ተጋፍጦ መጣ። ማሽኑን ከፈተና ፊልተሩን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይህን ከቀየሩት ቆየት ብሏል መሰለኝ፣ እርስዎ» አለኝ።

«ይቀየራል እንዴ?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ሊስቅ ፈልጎ ፈራ።

«ደግሞስ እርስዎ አትበለኝ፣ አያትህ አይደለሁም!» አልኩት። በቁጣ ነው ያልኩት። እኔ ስደነግጥ እቆጣለሁ፣ ተፈጥሮዬ ነው፤ ስንት ሰው በዚህ አባርሬያለሁ መሰላችሁ። እሱ ግን አልተቀየመም። «እሺ፣ አንቺ» አለ፤ አዲስ ጫማ እንደሚሞክር ሰው ቀስ ብሎ ነው ያላት። ገንዘብ ልስጥህ ብለው እምቢ አለ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ቆሞ ጠጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቴክስት ላከልኝ። «ኤሲው እንዴት ነው?» ይላል። «ደህና ነው፣ ጌታ ይባርክህ» አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ «ኤሲው ደህና ነው?» አለኝ። እኔም «በጣም ደህና ነው» አልኩት። እንዲህ እየተባባልን ሰመሩ አለቀ። ኦክቶበር ላይ አየሩ ቀዝቅዞ «ዘግቼዋለሁ» ብዬ ብጽፍለት ድምፁ ጠፋ። እኔ ጅሏ፣ ምነው ባልዘጋሁት ብዬ ስቆጭ ሰነበትኩ። ከቀናት በኋላ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «ሂተሩስ?»

ኧረ በጌታ! ኩሽና ውስጥ ስልኬን ይዤ ብቻዬን ሳቅኩ። ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ እንባዬ መጣ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ ይሙቅ ይቀዝቅዝ የጠየቀኝ ሰው አልነበረማ። ያን ዕለት ነው የወደድኩት። አሁን ምን እደብቃለሁ፣ ወደድኩት።

የምሠራው የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ውስጥ ነው። በሽተኞቹ ክንዳቸው ላይ ሁለት ትልልቅ መርፌ ተሰክቶላቸው ለሰዓታት ተቀምጠው ይውላሉ፤ እኔ መርፌውን እሰካለሁ፣ ደም ግፊት እለካለሁ፣ ማሽኑ ሲጮኽ እሮጣለሁ። በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር ላይ የሚቀመጡ አንዲት ኮሪያዊት አሮጊት ነበሩ። እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው፣ በአማርኛ። በእነሱም ቋንቋ እናት «ኦማ» ስለሆነች ደስ ይላቸዋል። ታብሌታቸው ላይ ሁልጊዜ የአገራቸው ድራማ ነው፤ እኔ ግፊታቸውን ልለካ ሄጄ ዓይኔ እዚያው ይቀራል። «አንቺ ልጅ፣ እኔን ነው የምታክሚው ወይስ እሱን?» ይሉኛል በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ሱስ አስያዙኝ። እነዚያ ድራማዎች ውስጥ ሰው ሁሉ ፈሪ ነው፤ እጅ ለእጅ እስኪያያዙ ድራማው ግማሽ ይደርሳል። ሊነግራት ይመጣና «ምሳ በላሽ?» ብሏት ይመለሳል። ወይ ጉድ፣ እኛን ነው የሚመስሉት እያልኩ ነበር የማየው።

አንድ ቀን የድራማዋ ሴት አንዲት ቃል ስትናገር እማማ በነፃ እጃቸው ደረታቸውን ይዘው «አይጎ!» አሉ። እኔ ከታች የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አየሁ፤ የሰውየው ስም ብቻ ነው ያለው።

«ስሙን ስለጠራችው ነው እንዲህ የሚሆኑት?» አልኳቸው።

«ስሙን አይደለም። ኦፓ ነው ያለችው። ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው።»

«እንዴ! ወንድሟ ነው?»

በሳቅ ፈነዱ። ክንዳቸው ተንቀሳቅሶ ማሽኑ ጮኸ፤ ዝም አሰኝቼው ስመለስም ገና ይስቃሉ። ከዚያ አስረዱኝ። ሴት ልጅ ወንድሟንም ኦፓ ትላለች፣ የምትወደውንም ኦፓ ትላለች። ግን ስታፍረው የኖረችውን ሰው መጀመሪያ ኦፓ ያለችው ቀን፣ በቃ፣ ሁሉን ነገር ነግራዋለች። «ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም መናገር የለባትም» አሉኝ። እነዚህ ሰዎች እንዴት የታደሉ ናቸው አልኩ በሆዴ። እኛ ዘንድ በሩን የሚዘጋው ቃል እነሱ ዘንድ ይከፍተዋል።

ስለ እሱ ነግሬያቸው ነበርና ሜይ ላይ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። በስተሰሜን ዱሉዝ፣ ኮሪያውያን የሞሉበት ሰፈር፣ ትንሽ ሲኒማ ቤት አዲስ የአገራቸው ፊልም ያሳያል አሉ። «ያንን የኤሲ ሰውዬሽን ይዘሽው ሂጂ።» እኔም ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ «እሁድ ከቸርች በኋላ ፊልም ላይ ነኝ። እዚያ ኤሲው ብርዱ አይቻልም አሉ። መጥተህ ታየዋለህ?» ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። ሳነበው ደግሞ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ። መልሱ ግን መጣ። «እሺ። ጃኬት ልያዝ?»

ከቸርች አብረን አልወጣንም፤ ሰዉ ምሳ ላይ አላምጦ ይጨርሰናላ። ቤቴ መጥቶ ፒክ አፕ አደረገኝ። መሰላል ከላዩ የታሰረበት የሥራ ቫኑን ነው ይዞ የመጣው። እኔ የምቀመጥበት ላይ አዲስ ፎጣ፣ ገና ከሱቅ የወጣ እጥፋቱ የሚታይ፣ አንጥፎበታል። እጥፋቱን እንዳላበላሽ ቀስ ብዬ ተቀመጥኩበት።

ፊልሙ ስለ አንድ መነጽር ጠጋኝ ነው። አንዲት ሴት የመነጽሯ ብሎን ላልቶ ትመጣለች፤ ያጠብቅላታል። እንደገና ትመጣለች፤ እንደገና ያጠብቅላታል። ቤቷ ቁጭ ብላ በጥፍሯ እያላላችው እንደሆነ እኛ እናያለን፣ እሱ አያውቅም። ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ሾርባ ያወራሉ። አውቶቡስ ይመጣል፣ ትሳፈራለች፤ ያ ነው ፊልሙ። የኔው ሰውዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያቺ ብሎን ተበልታለች፤ አዲስ ነበር የሚያስገባላት» አለኝ። ባለሙያ ነዋ! መሃላችን ያለው የክንድ ማሳረፊያ ላይ እሱ ክንዱን ሲያስቀምጥ እኔ አነሳሁ፤ እኔ ሳስቀምጥ እሱ አነሳ። በመጨረሻ ሁለታችንም ተውነውና ባዶውን ቀረ።

መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ከተማውን ልትለቅ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ መነጽሯን ታመጣለች። ያየዋል፤ «ጠብቋል እኮ፣ ምንም አልሆነም» ይላታል። «አውቃለሁ» ትለዋለች። በሩ ጋ ደርሳ ዞር ትልና «ኦፓ» ትላለች። ሲኒማ ቤቱን የሞሉት ኮሪያውያን ሴቶች በአንድ ላይ ትንፋሻቸው ወጣ፤ ከፊታችን ያለችው ወፍራም ሴትዮ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከታች የተጻፈው የሰውየው ስም ብቻ ነበር።

እሱ ግራ ገብቶት ወደኔ ዞረ። «ምን ሆነ? ስሙን ነው እኮ የጠራችው።»

«ዝም ብለህ እይ» አልኩት።

ምነው ያኔ ብነግረው! አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ግን ልንገረው ብዬ አፌን ስከፍት ፊቴ ጋለ፤ ቃሉን መተርጎም ራሱ ፍቅሬን መናገር መሰለኝ። ደግሞም ሆዴ ውስጥ ወስኜ ነበር። ይህችን ቃል እኔም ዛሬ እላታለሁ፤ አስቀድሜ ካስረዳሁት ምኑን አልኩት? ሰዉ ሁሉ ሲያለቅስ አይቷል፣ ገብቶታል፣ አልኩ።

ስንመለስ ዝናብ ነበር፤ ሀይዌዩ ተዘጋግቶ መኪናው ሁሉ ይንፏቀቃል። የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ይላል። ቤቴ ደጃፍ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። እኔን ለማውረድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞተር አያጠፋም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ አስቤ ነበር» አለ።

«ጠይቀኛ።»

«ኤሲው...» አለና አቆመ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። «ኤሲው አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

እጁን መሪው ላይ መለሰው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መጥረጊያውን ሊያሠራ ሞከረ። እንደዚያ ፈርቶ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ልርዳው አልኩ፤ መንገዱን ልጥረግለት። ኦፓ ልበለው? በአርባ ምናምን ዓመቴ፣ የኤሲ ቫን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ኦፓ? አፈርኩ። ስለዚህ ቃሉን አማርኛ አደረግኩት። ክንዱን ነካ አድርጌ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ ከተዋወቅን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ንገረኝ፣ ወንድሜ» አልኩት።

እጄን አየ። ከዚያ ፊት ለፊት ዝናቡን አየ።

«እንደዚያ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እንደዚያ ነው» አልኩት፤ እጄን ከክንዱ አላነሳሁም።

ፊቱን አየሁት፤ የደስታ ነው ብዬ ወሰድኩት። የሰው ፊት ማንበብ አልችልም ብዬ አላውቅም ነበር፤ ሥራዬ እኮ ነው፣ በሽተኛ ሊወድቅ ሲል ከፊቱ አውቃለሁ። «ገባኝ» አለ በመጨረሻ። ዞሮ ሊስቅልኝ ሞከረ። «ጌታ ይባርክሽ፣ እህቴ።»

እህቴ አለኝ! እሱም መለሰልኝ! በዝናቡ እየሮጥኩ ገባሁ፤ በሩ ላይ ቆሜ የቫኑ መብራት እስኪጠፋ እጄን አውለበለብኩ። በነጋታው ለእማማ ስነግራቸው በአንድ እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ አጨበጨቡልኝ፤ ማሽኑ እንደገና ጮኸ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ትዝ ሲለኝ ሰውነቴ ይኮማተራል። ቴክስቱ ተቀየረ። ስለ ኤሲ መጠየቁን ተወና «እህቴ ሰላም ነሽ?» ይለኝ ጀመር። ከዕቃ ወደ ሰው ተሻገርን ብዬ ፈነደቅኩ! ቸርች ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «እህቴ» ብሎ ሰላም ሲለኝ ድፍረቱን አደነቅኩለት። እኔም «ወንድሜ» እለዋለሁ፣ ዓይኑን እያየሁ፣ እያለሰለስኩ። በዙሪያችን ያለው ሕዝብ ሁሉ ወንድሜ እህቴ ይባባላል፤ የእኛ ብቻ የተለየ መስሎኝ ነበር። እሱ የሚለውን በአማርኛ ይለዋል፤ እኔ በኮሪያኛ እሰማዋለሁ።

ቴክስቱ እየሳሳ መጣ። ሰመር ነው፣ የአገሩ ኤሲ ሁሉ ተበላሽቶ ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። መጨረሻ ላይ እንደዚያች የመነጽር ሴት የራሴን ብሎን ልፍታ ብዬ የኤሲውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን ብሬከር አጠፋሁና «ኤሲው ሞተ» ብዬ ደወልኩለት።

«ብሬከሩን አይተሽዋል?» አለኝ በስልክ።

«ብሬከሩን?»

«ወደ ላይ መልሺው። ነፈሰ?»

መለስኩት፤ ነፈሰ። «ጎበዝ እህቴ» ብሎ ዘጋው። ኮሪደሩ ላይ እጄ ብሬከሩ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

ሴፕቴምበር ሊያልቅ ሲል «እህቴ፣ ቁም ነገር አለኝ፤ በአካል ነው የምነግርሽ» ብሎ ጻፈልኝ። ሮዝዌል ያለ አንድ ኬክ ቤት ቀጠረኝ። ለምን ሮዝዌል? አልጠየቅኩም። ሺፍቴን ከሰው ተቀያየርኩ፤ ጸጉሬን ተሠራሁ። ለእማማ ስነግራቸው «የኔን ሊፕስቲክ ልስጥሽ?» አሉኝ። ቀይ ነው፣ የአሮጊት ቀይ፤ ተቀባሁት።

ቀድሞኝ መጥቷል። ስገባ ተነሳልኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። ደስ ብሎታል፤ እንደዚያ ቀና ብሎ ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

«ላገባ ነው» አለኝ።

እንደ ሞኝ ፈገግ እንዳልኩ ነበር። ከማን ጋር ይሆን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለአንዲት ሰከንድ፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እኔን እየነገረኝ መስሎኛል። ከዚያ የሌላ ሴት ስም ጠራ። ከመዘምራኑ አንዷ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ ፋርማሲስት፣ ቤተሰቦቿ ሮዝዌል የሚኖሩ። መጋቢው ናቸው ያስተዋወቋቸው። ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቿ እሺ ብለዋል፤ እሁድ በቸርች ሊነገር ነው። «ከኔ ወገን ሰው የለም» አለ። «እናቴን ቪዛ ከለከሏት። እህት ደግሞ አልወለደችልኝም። አንቺ ነሽ እህቴ። ሰርጉ ላይ ከኔ ወገን አንቺ እንድትቆሚልኝ ነው የምለምንሽ።»

እኔ ኬኩን እያየሁ ነበር። እሱ አላቆመም፤ ምናለ ቢያቆም!

«አሁን አልፏልና እውነቱን ልንገርሽ» አለ፣ እያፈረ። «ያን የፊልሙን ቀን እኮ አንቺን ልጠይቅሽ ነበር። ቸርች ውስጥ ወንድሜ የማትዪኝ ሴት አንቺ ብቻ ነበርሽ። እሱን ይዤ ነው ያን ሁሉ ጊዜ ተስፋ ያደረግኩት። ከዚያ ክንዴን ይዘሽ ወንድሜ ስትዪኝ፣ በቃ ገባኝ። ያን ጊዜ ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ሳላፍር፣ ገና ሳልጠይቅሽ በክብር ነው የመለስሽኝ። ለዚህ ዕድሜ ልኬን አከብርሻለሁ።»

ምን እላለሁ? «በኮሪያኛ ነው ያልኩህ» ልበለው? ማን ያምነኛል? ቢያምነኝስ? ሽማግሌ ተልኳል፣ እሺ ተብሏል፣ ልጅቷ ምን በደለችኝ? ምላሴን በቆረጠው አልኩ በሆዴ። ያንን ፊልሙ ላይ ከታች የሰውየውን ስም ብቻ የጻፈውን ተርጓሚ፣ ማን እንደሆነ አላውቀውም፣ ባገኘው አንቄ እገድለው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ብሎ ቢጽፈው ምን ነበረበት? ወይ እኔ፣ ያን ጨለማ ውስጥ ሲጠይቀኝ «ወንድሜ ነው ያለችው፣ እወድሃለሁ ማለት ነው» ብለው ምን ነበረበት? አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። «እቆምልሃለሁ።»

ኬኩን ጨርሼ በላሁት። ደህና ሁን ብዬው መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁና በእጄ ጀርባ ሊፕስቲኩን ጠረግኩ። ከሮዝዌል እስከ ዲኬተር እያለቀስኩ ነዳሁ፤ የማለቅሰው ስላጣሁት ብቻ አይደለም። የኔ ነበር። ከጁላይ እስከ ሜይ የኔ ነበር፣ እኔም የሱ ነበርኩ፤ ሁለታችንም አላወቅንም። የማይወደኝ ሰው ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር፣ ለምጄዋለሁ።

ለእማማ በመጨረሻ ነገርኳቸው። ታብሌታቸውን አቆሙት። «በእኛም ቋንቋ እኮ መጀመሪያ ወንድም ማለት ነው» አሉኝ። «እኔ ራሴ ኦፓ ብዬው ሌላ ያገባ ሰው ነበረኝ።» ይህን ብለው እጄን ያዙ፤ እኔም የሌሎቹ ማሽኖች እስኪጮኹ እንደተያዝኩ ቆየሁ። አላጽናኑኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ከዚያ ወዲህ ድራማ አላይም። ቤቴ ስገባ ኤሲው ይሠራል፤ ሂተሩም ይሠራል። እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ሰርጉ ኖቬምበር ላይ ሆነ። በማለዳ ማሪዬታ ቤቱ ሄድኩ፤ ሚዜዎቹ ሳሎኑን ሞልተውታል፣ ሁሉም ሽቶ ሽቶ ይላሉ። ፎቶ አንሺው ወዲያና ወዲህ እያለ ያዛል። «የሙሽራው እህት የታለች? አበባውን እህት ትሰካለት!» አለ። ሰዉ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደ ፊት አመጣኝ። ነጭ አበባ ነው፣ ከኋላው ረጅም መርፌ ያለው።

በየቀኑ የሰው ክንድ ላይ መርፌ ስሰካ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ያን ቀን መርፌዋ ጨርቁን አልበሳ አለችኝ። እንዲህ ተጠግቼው አላውቅም ነበር፤ ትንፋሹ ግንባሬ ላይ ያርፋል።

«ተረጋጊ እህቴ፣ የማገባው እኮ እኔ ነኝ» አለኝ። ሚዜዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ፎቶው ላይ ስስቅ እታያለሁ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔ ብቻ እንድሰማው፣ «አንቺ ባትኖሪ ዛሬ ማን ይቆምልኝ ነበር?» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። መርፌዋን አስገባሁ፤ አበባውን አቃናሁት፤ የኮቱን ደረት በመዳፌ ዳበስ አደረግኩት። ከዚያ ወዲያ እጄን የማቆይበት ምክንያት አልነበረኝም።

«አይዞህ፣ ወንድሜ» አልኩት። ያን ቀን በአማርኛ ነበር ያልኩት።